የቪትዝ በርና አዲሱ ስፒከር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን ቶዮታ ቪትዝ እያደሱ መያዝ የብዙዎች ምርጫ ሆኗል። ቀድመው ከሚያረጁት ዕቃዎች አንዱ የበር ስፒከር ነው። በዚህ እትም የመለስናቸው አምስት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ እሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ2007 ቪትዝ አለኝ። የሾፌሩ በር ስፒከር ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። አንድ ሱቅ ካርቶኑ ላይ 500 ዋት የሚል አሳዩኝ። ሌላ ሱቅ ያገኘሁት ደግሞ 60 ዋት ብቻ ይላል፣ ዋጋው ግን እጥፍ ነው። የቱን ልግዛ? (ከአዳማ)

60 ዋት የሚለውን ይግዙ። ከዚያ በፊት ግን የተበላሸው በእርግጥ ስፒከሩ መሆኑን ይወቁ። ከቴፑ ጀርባ የፊት ግራና የፊት ቀኝ ሽቦዎችን ለጊዜው ያቀያይሩ። ስንጥቁ አሁንም ከሾፌሩ በር ከመጣ ጥፋቱ የስፒከሩ ወይም ወደ በሩ የሚሄደው ሽቦ ነው። ወደ ቀኙ በር ከተሻገረ ግን ቴፑ ነው የታመመው፤ ስፒከር መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ስፒከሩን ካወጡት በኋላም ኮኑን፣ ማለትም የሚርገበገበውን ወረቀት፣ ዙሪያውን በጣቶችዎ እኩል ይዘው በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉት። «ክርክር» የሚል ከሆነ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ተቃጥሏል ወይም ከመስመሩ ወጥቷል። አይጠገንም።

ወደ ዋቱ እንምጣ። ሞተር ተነስቶ ሳለ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ቮልት፣ ተጨማሪ አምፕሊፋየር የሌለው ቴፕ ለአንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር በሒሳብ ሊሰጥ የሚችለው ንጹህ ኃይል ቢበዛ 26 ዋት ነው፤ በተግባር ከ15 እስከ 20 ዋት ይሆናል። ቴፑ ፊት ላይ «50×4» ተብሎ የተጻፈውም ለአፍታ የሚደረስበት ጫፍ እንጂ ሲሠራ የሚውልበት ኃይል አይደለም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «አርኤምኤስ» (RMS፣ ስፒከሩ ሳይቋረጥ የሚችለው ኃይል) ከሚለው ቃል ጎን ያለውን ቁጥር ብቻ ያንብቡ። ይህ ቃል ጨርሶ የማይገኝበትን ካርቶን ባይገዙት ይሻላል።

ከዋት ይልቅ የሚጠቅምዎት ሴንሲቲቪቲ የሚባለውና በዲሲቤል የሚጻፈው ቁጥር ነው። በዚህ ቁጥር የ3 ዲሲቤል ልዩነት ኃይልን በእጥፍ እንደማሳደግ ነው። 92 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር በ18 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 89 ዲሲቤል የሆነው ለማውጣት 36 ዋት ይፈልጋል፤ የእርስዎ ቴፕ ደግሞ 36 ዋት የለውም። 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ።

ኦሙ 4 ይሁን። ባለ 2 ኦም ስፒከር ከቴፑ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ቴፑን ያግለዋል። ሱቅ ሲሄዱ መልቲሜትር ይያዙና የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ይለኩ፤ ደህና የሆነ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3.2 እስከ 3.8 ያሳያል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው።

ስፋቱን በተመለከተ የእርስዎ ሞዴል የፊት በር 6 ተኩል ኢንች ይወስዳል። ፋብሪካው የገጠመው ስፒከር ግን ከፕላስቲክ እግሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ አዲሱ ክብ ስፒከር ያለ ቀለበት አይቀመጥም። ጥልቀቱን ለክተው ይግዙ። ሲለኩ መስታወቱ እስከ ታች የወረደ ይሁን፤ ወጥቶ ሳለ ሰፊ የሚመስለው ቦታ መስታወቱ ሲወርድ ይጠባል፣ ማግኔቱም መስታወቱን ይነካል።

ጥያቄ፦ ለማስገጠም የተጠየቅኩት ብር ከስፒከሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የበሩን ሽፋን ሳልሰብር ራሴ መፍታት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

ይችላሉ። ግማሽ ቀን ይመድቡለት። አንድ ባለ ኮከብ ካቻቢቴ፣ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ፒንሳና ስድስት ያህል መለዋወጫ የበር ክሊፖች ያዘጋጁ። ክሊፖቹን ሶማሌ ተራን በመሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ያገኟቸዋል። አስቀድመው ይግዙ፤ አሮጌ ክሊፕ ሲፈታ መሰበሩ አይቀርም፣ አንድ ክሊፕ የጎደለው በር ደግሞ እየባሰበት ይንጫጫል።

በማለዳ ብርድ አይጀምሩ። የቀዘቀዘ ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰነጠቃልና መኪናዋ ትንሽ ፀሐይ ትሙቅ። ቁልፉን ያጥፉ። ብሎኖቹ የተደበቁት ሁለት ቦታ ነው፦ አንዱ ከውስጥ መክፈቻው ጀርባ ባለች ትንሽ ክዳን ሥር፣ ሌላው በሩን ስበው በሚዘጉበት ጎድጓዳ ውስጥ። መስታወቱ በእጅ የሚሽከረከር ከሆነ፣ በእጀታውና በሽፋኑ መካከል ቀጭን ጨርቅ አስገብተው ወዲያና ወዲህ ይፈትጉት፤ የያዘችው የሽቦ ቀለበት ተስፈንጥራ ትወጣለች። ከዚያ ከታች ጥግ ጀምረው ሽፋኑን ቀጥ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ክሊፖቹ አንድ በአንድ «ጧ» እያሉ ይለቃሉ። ሁሉም ሲለቅ ሽፋኑን ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ ላይ ያንሱት። ጀርባው ላይ የመክፈቻው ገመድና የመስታወቱ ሶኬት አሉ፤ ሽፋኑ በእነሱ ላይ እንዳይንጠለጠል በጉልበትዎ ይደግፉት።

አሁን ጥቁር ማጣበቂያ ያለው ናይለን ያያሉ። ብዙ ሠራተኞች ቀድደው የሚጥሉት ይህን ናይለን ነው፣ እኛን በጣም የሚያሳዝነንም ይኸው ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ በመስታወቱ ጎን እየተንቆረቆረ በሩ ውስጥ ይገባል፤ መግባቱ ችግር የለውም፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ውኃው ወደ ሽፋኑና ወደ ምንጣፉ እንዳይሻገር የሚከለክለው ግን ያ ናይለን ነው። ማጣበቂያውን ቀስ ብለው ያላቅቁ፣ አቧራ እንዳይነካው ይጠንቀቁ፣ ሲጨርሱም በቦታው መልሰው ይጫኑት።

የፋብሪካው ስፒከር በብዙ ቪትዞች በብሎን ሳይሆን በሪቬት ነው የሚታሰረው። ከመብሳትዎ በፊት የመስታወቱን ሶኬት ለጊዜው ሰክተው መስታወቱን እስከ ላይ ያውጡት፤ ወርዶ ከሆነ የትራፓኖው ጫፍ ሊያገኘው ይችላል። የሪቬቱን መሐል ሚስማር በቀጭን ብረትና በመዶሻ እየመቱ ወደ ውስጥ ያስገቡና ጭንቅላቱን ብቻ ይብሱ። ጭንቅላቱ አብሮ ከተሽከረከረ በፒንሳ ይያዙት። ስብርባሪው በሩ ሆድ ውስጥ ይወድቃል፤ የብረቱን ሚስማር በማግኔት ያወጡታል፣ አሉሚኒየሙን ግን ማግኔት ስለማይስበው በእጅ መልቀም ግድ ነው። አንድ ፍርፋሪ ከቀረ ለወራት ሲንኳኳ ይሰሙታል። የተላጠውን ላሜራ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀቡት።

አዲሱ ስፒከር የሚቀመጥበት ቀለበት ዝግጁ ሆኖ ካልተገኘ ከ18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ማስቆረጥ ይቻላል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) አይሁን፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኑም ይላላል። ኮምፔንሳቶውንም ቢሆን ሁለት ጊዜ ቀለም ይቀቡት። ከዚያ በቀለበቱና በላሜራው መካከል ዙሪያውን ስፖንጅ ያጣብቁ፤ በስፒከሩ ፊትና በሽፋኑ ወንፊት መካከልም እንዲሁ። ይህ ስፖንጅ የሥራው ልብ ነው። ኮኑ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከጀርባው አየር ይስባል፤ በመካከሉ ክፍተት ካለ የፊቱና የኋላው አየር ተገናኝተው ይጣፋሉ፣ ቤዙም ይጠፋል። ውድ ስፒከር ገዝተው «ከድሮው ምን ተሻለ?» የሚሉ ሰዎችን በር ብንፈታ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም የፊት ስፒከሮች አስቀይሬ ቤዙ ከድሮው አነሰ። ባላንሱን ወደ አንድ በር ብቻ ሳደርገው ግን ቤዙ ይመለሳል። ምን ሆኖ ነው? (ከሀዋሳ)

ምልክቱን ራስዎ ነግረውናል። አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ተገልብጦ ታስሯል። አንዱ ኮን ወደ ፊት ሲመጣ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቤዙን ይሻሻራሉ፤ አንዱ ብቻ ሲሠራ የሚሻረው የለም።

ለማረጋገጥ ሽቦዎቹን ከቴፑ ይንቀሉ (ቴፑ ላይ እንደተሰኩ ባትሪ አይንኩባቸው)። ከዚያ ባለ 1.5 ቮልት ተራ የባትሪ ድንጋይ በሁለቱ ጫፎች ላይ ለአንድ አፍታ ያስነኩ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ ኮኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱንም በሮች በአንድ ዓይነት አያያዝ ሞክረው ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሄደውን ይገልብጡ።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀለም ነው። በቶዮታ የቴፕ ሶኬት ላይ የፊት ግራ ፖዘቲቭ ሮዝ፣ ነጌቲቩ ሐምራዊ ነው። የፊት ቀኝ ፖዘቲቭ ቀላል አረንጓዴ፣ ነጌቲቩ ሰማያዊ። የኋላ ቀኝ ፖዘቲቭ ቀይ፣ ነጌቲቩ ነጭ። የኋላ ግራ ፖዘቲቭ ግን ጥቁር ነው፣ ነጌቲቩ ቢጫ። «ጥቁር ሁሉ ነጌቲቭ ነው» ብሎ የሚያስብ ኤሌክትሪሺያን እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣችው መኪናዬ ራዲዮ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን አይዝም። ቴፑን ልቀይር ነው። ስፒከሩስ አብሮ መቀየር አለበት? (ከሳሪስ)

የለበትም። በ2007 አካባቢ ባሉት ዓመታት ለጃፓን ገበያ የተሠራ ራዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው የሚያነበው። አንቴናው ላይ የሚሰካ ማስፊያም አለ፤ 20 ሜጋኸርትዝ የሚቀንሰው ዓይነት 97.1ን በ77.1፣ ሸገር 102.1ን በ82.1 ላይ ያመጣልዎታል። ከ90 እስከ 96 ያሉት ጣቢያዎች ግን በዚህኛው ከክልሉ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ቴፕ መቀየሩ ይሻላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ሞርሰቶ (የሽቦው ማሰሪያ) በ10 ቁልፍ ይፈታ። የአዲሱን ቴፕ ቀለም ከመኪናው ቀለም ጋር በማመሳሰል እንዳያስሩ። በአብዛኞቹ አዳዲስ ቴፖች ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበት የየራሱ ነጌቲቭ ነው። በቶዮታ በኩል ግን አረንጓዴው የመብራት ሽቦ ነው፣ ግራጫው ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚመጣበት። ግራጫን ከግራጫ ያሰረ ሰው የቴፑን የስፒከር መውጫ ያቃጥለዋል። ቀለም የሚያስተካክል መካከለኛ ሶኬት ይሸጣል፤ ይግዙት፣ የመኪናው ሽቦም አይቆረጥም።

አንድ ሌላ ነገር፦ የስፒከር ነጌቲቭ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት አካል ጋር የሚታሰር ሽቦ፣ አይደለም። ሽቦ ለመቆጠብ ብለው ነጌቲቩን ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚያስሩ አሉ። የዛሬ ቴፖች በሁለቱም ጫፍ ስለሚነዱ ይህ ቴፑን በቀጥታ ሾርት ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ መኪናዬ የ2008 ያሪስ (ቪትዝ በውጭ የምትሸጥበት ስም) ናት። ትዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ለብቻው የሆነውን ልግጠም ወይስ አንድ ላይ ያለውን? ድምፁ ሲጮህ በሩ እንዳይንቀጠቀጥስ ምን ላድርግ?

አምፕሊፋየር የማይጨምሩ ከሆነ ትዊተሩ መሐሉ ላይ ያለው፣ ኮአክሲያል የሚባለው፣ ይበቃዎታል። ለብቻው የሆነው በእርግጥ ድምፁን ከጉልበት አካባቢ ወደ ጆሮ ከፍታ ያመጣዋል፤ ትዊተሩን ግን ከመስታወቱ ጥግ ባለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ሽፋን ላይ ያድርጉት። የፊት ምሰሶው ውስጥ የመጋረጃ ኤርባግ ካለ በዚያ ሽቦ አይጎትቱ። አብሮት የመጣውን መከፋፈያ ወይም ካፓሲተርም አይተዉት፤ ትዊተር ያለ እሱ ቤዝ ከደረሰው ወዲያው ይቃጠላል። ከዚያ በቴፑ ሴቲንግ ውስጥ «ሃይ ፓስ» የሚለውን 80 ኸርትዝ ላይ ያድርጉ፤ ትንንሾቹ የበር ስፒከሮች የማይችሉትን ጥልቅ ቤዝ አይሞክሩም፣ ድምፁም ሳይሰነጠቅ ከፍ ይላል።

ለመንቀጥቀጡ 2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ባለ አሉሚኒየም ቡቲል (ንዝረት የሚያፍን ጎማ መሰል ልጣፍ) ይግዙ። ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ ለአንድ በር ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል በውጭው ላሜራ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በተለይ ከስፒከሩ ጀርባ ትይዩ ማጣበቅ ይበቃል። ላሜራውን በአልኮል ካላጸዱት አቧራው ላይ ይለጠፍና በበጋ ሙቀት ይወርዳል። እዚያው ያለ አየር ኪስ እንዲጠፋ በሮለር ይዳምጡት። የበሩን የታች ቀዳዳዎች አይድፈኑ። ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት አንድ ኩባያ ውኃ በመስታወቱ ውጫዊ ጎን ያፍስሱ፤ ከበሩ ሥር ወዲያው መንጠባጠብ አለበት።