ድምፁ ከየት መጣ? ሳይንስና ሕክምና ለምትማሩ ልጆቻችን

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድና ዙሪያዋ ያደጋችሁ፣ ወይም ከአገር ቤት ከመጣችሁ ገና ጥቂት ጊዜያችሁ የሆነ፣ ነርሲንግ፣ ላቦራቶሪ፣ ባዮሎጂ፣ ምህንድስና የምትማሩ ብዙ ናችሁ። ሠርግ ላይም ለቅሶ ቤትም ስንገናኝ «ጋሼ፣ እስቲ ምን ይመክሩናል?» ትሉኛላችሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰላምታ መሃል ቆሞ አይመለስም። ስለዚህ ጻፍኩላችሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ምክሬን ግን የምጀምረው በወፍ ነው።

ከበርክሌይ በስተሰሜን፣ አልባኒ ከተማ ጫፍ ላይ፣ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ገባ ያለ መሬት አለ። አልባኒ ባልብ ይባላል። ድሮ የሕንፃ ፍርስራሽ የሚደፋበት ቦታ ነበር። ዛሬም ከመሬቱ ውስጥ ኮንክሪትና የዛገ ፌሮ ብቅ ብቅ ይላል። መድፋቱ ከቆመ በኋላ ሣሩና ቁጥቋጦው፣ የዱር እንስላሉም ጭምር፣ በራሱ ጊዜ ሸፈነው። እንስላሉን ረገጥ ስታደርጉት ሽታው ያውዳችኋል። አሁን ቦታው የማክላግሊን ኢስትሾር ፓርክ አካል ነው። ስሙ የተወሰደው ከሲልቪያ ማክላግሊን ነው። እሷና ሁለት ጓደኞቿ በ1961 በፈረንጆቹ ባሕረ ሰላጤው እንዳይደፈን ዘመቻ ጀመሩ። ያኔ የበርክሌይ ከተማ ውኃውን ደፍኖ ስፋቱን እጥፍ ለማድረግ አቅዶ ነበር። ዛሬ በነፃ የምንራመድበት ዳርቻ የእነዚያ ሦስት ሴቶች ውለታ አለበት።

እዚህ ቦታ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ አንድ ወፍ አለ። የአና ሃሚንግበርድ ይባላል። ክብደቱ አራት አምስት ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። ክንፉን በሰከንድ 40 ጊዜና ከዚያም በላይ ያርገበግባል። ጀርባው አረንጓዴ ነው። የወንዱ ጉሮሮና ግንባር ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል። ወደ ፀሐይ ዞር ሲል ግን ድንገት ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ይህ ቀለም እንደ ቀይ ሽንኩርት ወይም እንደ በርበሬ ቀለም ያለው ነገር ስላለበት የመጣ አይደለም። ብርሃን በላባው ውስጥ ባሉ እጅግ ስስ ንብርብሮች ላይ ሲያርፍና ሲመለስ የሚፈጠር ነው። ለዚህ ነው አንገቱን ትንሽ ሲያዞር ቀለሙ የሚጠፋው።

ከአገር ቤት የመጣችሁ ወፉን ስታዩ «ይቺን እኮ እኛም ጋ አለች» ማለታችሁ አይቀርም። ደጋው ላይ የእሬት አበባ የሚቀስሙትን፣ ረጅም ቆልመም ያለ ምንቃር ያላቸውን፣ የሚያብረቀርቁትን ወፎች አስባችሁ ነው። እነዚያ ሰንበርድ የሚባሉት ናቸው። እንዲያውም አንዱ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ግን ዘመዳሞች አይደሉም። ሃሚንግበርድ የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው የአበባን ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ኔክታሩን፣ መብላት ጀመሩና ቅርጻቸው ተመሳሰለ። የኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ይዘው ነው የሚቀስሙት። ይሄኛው አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀስማል፣ ወደ ኋላም ይበራል።

እውነተኛ የጋራ ነገር ካላችሁ ባህር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ኮረብቶች የገባው ባህር ዛፍ እዚህ ካሊፎርኒያ ቀድሞ ገብቷል። በዚህ አገር ክረምት፣ በብርዱ ወራት ሌላው አበባ ሲጠፋ፣ ያብባል። የአና ሃሚንግበርድ ድሮ የሚራባው በደቡብ ካሊፎርኒያና በሜክሲኮ ባሃ ሰሜናዊ ክፍል ነበር። ሰው ባህር ዛፍና የጓሮ አበባ ሲተክል፣ ስኳር ውኃም በጓሮው ሲሰቅል፣ ወፉ እየተከተለ እስከ ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደረሰ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ እስከ ጸደይ ወንዱ አንድ ቁጥቋጦ አናት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሴት ሲያይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። ነጥብ እስኪመስል ይወጣና ተወርውሮ ይወርዳል። ልክ ሴቷ ጋ ሲደርስ ይቀለበሳል። በዚያች ቅጽበት «ቺፕ!» የሚል ከአካሉ ጋር የማይመጣጠን ጠንካራ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሽቅብ። የመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት ሌላ እንስሳ የጮኸ ነው የሚመስላችሁ።

ድምፁ ከየት ነው የመጣው? ከጉሮሮው ወይስ ከላባው?

ይህን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። ከጉሮሮ ነው የሚሉት ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። ወንዱ ተቀምጦ ሲዘፍን ከዘፈኑ መሃል አንዱ ቅላጼ ከዚያ «ቺፕ» ጋር ይመሳሰላል። ታዲያ ወፍ የሚጮኸው በጉሮሮው አይደለም እንዴ? አሳማኝ ነው። እኔም ብሆን ይህን ብሰማ «ልክ ነው» ብዬ አልፍ ነበር።

ክሪስቶፈር ክላርክ የሚባል የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪና ቴሬሳ ፌዮ የምትባል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን አላለፉም። እዚሁ አልባኒ ባልብ መጡ። ሴት ወፍ አስቀመጡና ወንዶቹ እንዲወረወሩ ጠበቁ፤ በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራም ቀረጹ። ካሜራው ሲታይ፣ ወፉ ቁልቁል ሲወርድ ጅራቱን ዝግ አድርጎ ነው። ታች ሲደርስ ጅራቱን ብትን ያደርገዋል፣ ወዲያው ይዘጋዋል። የሚቆየው 60 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ድምፁም የሚወጣው በዚያችው ቅጽበት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «አገኘሁት» ብሎ ያቆማል። እነሱ አላቆሙም። አንድ ላይ መከሰት ምክንያት መሆን ማለት አይደለምና። ከጥቂት ወንዶች ላይ የጅራቱን የዳር ላባ አነሱ። ላባው በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። ወፎቹ እንደ ወትሮው ወጡ፣ ተወረወሩ፣ ግን «ቺፕ» የለም። ከዚያ ላባውን ብቻውን ወስደው ኃይለኛ ንፋስ ነፉበት። ወፍ የለም፣ ጉሮሮ የለም፣ ላባው ግን ያንኑ ድምፅ አወጣ። ክርክሩ ያኔ አለቀ። ሥራው በ2008 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ክላርክ በኋላ ፍጥነቱን ሲለካ ወፉ በአንድ ሰከንድ የራሱን ቁመት 385 ጊዜ ያህል እንደሚጓዝ አገኘ።

ልጆቼ፣ ይህን ታሪክ የምወደው ወፉ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ሥራችን ራሱ ይሄ ስለሆነ ነው።

ላቦራቶሪ የምትገቡ ሰዎች በመጀመሪያው ወር የሚገጥማችሁን ልንገራችሁ። የአንድ በሽተኛ ፖታሺየም በጣም ከፍ ብሎ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ የኩላሊት ሕመምተኛ እንደሆነ ተጽፏል። ኩላሊት ሲደክም ፖታሺየም ይጨምራል። ሁሉም ነገር ገጠመ፣ አይደል? ቁጥሩን ልካችሁ ወደሚቀጥለው መሄድ ትችላላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን ቱቦውን አንሱና ብርሃን ላይ እዩት። ከላይ የተንሳፈፈው ፈሳሽ ገለባ መስሎ ቢጫ መሆን ሲገባው ቀላ ብሎ ታገኙታላችሁ። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ተሰባብረዋል፤ ሄሞላይዝ ሆኗል ማለት ነው። በሴሎቹ ውስጥ የነበረው ፖታሺየም ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ገብቷል። ማሽኑ የለካው ትክክል ነው፤ የለካው ግን በሽተኛው ሰውነት ውስጥ ያለውን አይደለም። ደውላችሁ ደሙ እንደገና ይቀዳ ትላላችሁ። ዛሬ ማሽኖቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፣ ጎበዞች ናቸው። ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ስልክ የሚያነሳው ግን ሰው ነው።

ታሪኩ የገጠመ መሆኑ አደገኛ ነው። ያልገጠመ ነገርማ ማንም ይጠራጠራል። የምትፈሩት መልስ በጣም አሳማኝ የሆነው ይሁን።

ሌላም ልጨምርላችሁ፣ ከዚሁ ከወፉ ሳንወጣ። የሃሚንግበርድ ምላስ ረጅም ነው፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በየጎኑም ቦይ ያለው። ኔክታሩ እንዴት ወደ አፉ ይገባል? በ1833 «ቀጭን ቱቦ ውኃ እንደሚስብ ምላሱም በራሱ ይስባል» ተባለ። አሳማኝ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ደም ስንቀዳ እኛም የምናየው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 180 ዓመት ገደማ መጽሐፍ ከመጽሐፍ እየቀዳ ኖረ። አሌሃንድሮ ሪኮ ጌቫራ የሚባል ኮሎምቢያዊ ወጣት ለትምህርት ወደ አሜሪካ መጣና ከመምህሩ ከማርጋሬት ሩቤጋ ጋር ሆኖ ጥያቄውን እንደገና ከፈተው። ውስጡን በሚያሳይ ነገር የተሠራ ሰው ሠራሽ አበባ አዘጋጀ። ውስጡ ኔክታር አደረገ፣ ካሜራ ደገነ። በ2015 ያሳተመው ሥራ 18 ዝርያዎችን ያካተተ ነው። ምላሱ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ዝም ብሎ አይስብም። ምንቃሩ ምላሱን ጨፍልቆ ያወጣዋል። ኔክታሩን ሲነካ ቦዮቹ ተፈናጥረው ይከፈታሉ፣ በዚያው ኃይል ይሞላሉ። ፓምፕ ነው። ይህን በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ያደርገዋል።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ የሆነ፣ ክፍል ውስጥ እጃችሁን ለማንሳት የምትሳቀቁ ልጆች ይህን ሰው አስቡት። ከሌላ አገር ነው የመጣው። ሁሉም አስተማሪ የሚያስተምረውን ነገር «እስቲ ልየው» አለ። እናንተም ማለት ትችላላችሁ። በጨዋ ቋንቋ፣ ድምፅ ሳታነሱ፣ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታላላቆቻችንን ማክበር እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ይህን መጠየቅ ግን ክብር መንሳት አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄያችሁ ትንሽ ይሁን ደግሞ። ብዙዎቻችሁ «ካንሰርን የሚያድን ነገር» ብላችሁ ትጀምሩና ትደክማላችሁ። ሕልሙ አይከፋም፣ ያዙት። ነገ ጠዋት የምትሠሩት ግን መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሆነ ነገር ይሁን። ከጉሮሮ ነው ከላባ? ቴሬሳ ፌዮ ያን ስትሠራ በእናንተ ዕድሜ ነበረች። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቦታ አልሄደችም፤ የሄደችው ከዩኒቨርሲቲው ቅርብ ወዳለ የቀድሞ ቆሻሻ መጣያ ነው።

ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ማታ ትሠራላችሁ፣ ቀን ትማራላችሁ፣ ከዚያም ላይ ወደ ቤተሰብ የሚላክ ብር አለ። ስለዚህ ላቦራቶሪ ክፈቱ፣ ፕሮጀክት ጀምሩ አልላችሁም። አንድ የዕረፍት ጠዋት ብቻ ስጡት። በቡካናን መንገድ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሂዱና እስከ መጨረሻው ግቡ። ጃኬት ያዙ፣ ንፋሱ ቀላል አይደለም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ቁጥቋጦ አናት ላይ የተቀመጠ ወንድ ፈልጉ፤ ከማየታችሁ በፊት ጭርጭር የሚል ዘፈኑን ትሰሙታላችሁ። ሌላ ሃሚንግበርድ ሲመጣ እንዴት አባሮት ወደዚያችው ቅርንጫፍ እንደሚመለስ እዩ።

ጎጆ ካገኛችሁ ራቅ በሉ። ጎጆውን የምትሠራው፣ እንቁላሉን የምትታቀፈው፣ ጫጩቱን የምታበላው ሴቷ ብቻዋን ናት። የሸረሪት ድር፣ የተክል ጥጥና የድንጋይ ሽበት አያይዛ ነው የምትሠራው። ድሩ ስለሚለጠጥ ሁለቱ ጫጩቶች ሲያድጉ ጎጆው አብሮ ይሰፋል። ሰው ሲጠጋት ትነሳለች፣ እንቁላሉም ይበርደዋል። ቤታችሁ ስኳር ውኃ መስቀል ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ እጅ ነጭ ስኳር በአራት እጅ ውኃ ነው። ማር አታድርጉ፣ ቀይ ቀለምም አትጨምሩ። ዕቃውን ቶሎ ቶሎ እጠቡ፣ ሻጋታ ወፉን ያሳምመዋል።

እና አንድ የቤት ሥራ። ወንዱ ሲወረወር ጉሮሮው ለሴቷ እንዲያበራ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ነው ተብሎ ተጽፏል። አሳማኝ ነው። እናንተ ግን ሂዱና ራሳችሁ እዩት። ፀሐይ ባለበት ቀን ከየት ወደ የት ወረደ? ደመና ሲሆንስ? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታና አቅጣጫውን በእርሳስ ጻፉ። እኔን ያስደስታል ብላችሁ ምንም አትጨምሩበት። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ቤት ኑ፣ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን።