ቅቤ፣ ሽሮና ዲኤንኤ፦ ጋሼን ይጠይቁ

ጋሼ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ቃል እንደገባሁት ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ነኝ። ርዕሳችን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራባቸው የካርቦን ሞለኪውሎች ናቸው። ካርቦሃይድሬት፣ ቅባት፣ ፕሮቲን፣ ኑክሊክ አሲድ። ለማታውቁኝ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅባት ስመረምር። አሁን ጡረታ ወጥቼ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዤ ጋዜጣ አነባለሁ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንድ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ። ሁለት፣ "ጥሩ ነው መጥፎ?" ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። ምን ያህል፣ ለማን የሚለውን ጨምሩበት። ሦስት፣ ስለ የትኛውም ሞለኪውል ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አስቡ፦ ውሃ ይወዳል ወይስ ከውሃ ይሸሻል? ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

የማታ ተማሪዋ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ? አራቱንም በአጭሩ ቢያስረዱን። ፈተና ደርሶብናል።

ጋሼ፦ በአጭሩ ከሆነ መጽሐፍሽ አለልሽ የኔ ልጅ። እሺ፣ በአንድ ትንፋሽ፦ ስኳር እንደ ሰንሰለት ሲቀጣጠል ስታርች ይሆናል፤ አሚኖ አሲድ ሲቀጣጠል ፕሮቲን፤ ኑክሊዮታይድ ሲቀጣጠል ዲኤንኤ። ቅባት ግን እንደነሱ አይቀጣጠልም። ግሊሰሮል የምትባል አንድ ትንሽ ሞለኪውል ላይ ሦስት ፋቲ አሲድ፣ ማለትም ረጃጅም የካርቦን ጭራዎች፣ ይንጠለጠሉና በቃ። "አራቱም ፖሊመር (ተቀጣጣይ ሰንሰለት) ናቸው" ብለሽ ከጻፍሽ ነጥብ ይቀነስብሻል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አምስት ኪሎ፦ "ኦርጋኒክ ሞለኪውል" ሲባል ማዳበሪያ ያልነካው ማለት ነው? ሱፐርማርኬት ውስጥ "ኦርጋኒክ ቲማቲም" የሚል አይቼ ነው።

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ ያስቀኛል፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። በኬሚስትሪ ቋንቋ ኦርጋኒክ ማለት ካርቦን ላይ የተመሠረተ ማለት ነው። ዱሮ ሰዎች እነዚህን ነገሮች መሥራት የሚችለው ሕይወት ያለው አካል ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1828 ቬለር የሚባል ጀርመናዊ አሞኒየም ሳያኔት አሙቆ ዩሪያ አገኘ። ያው በሽንት የሚወጣውን ዩሪያ ማለት ነው፤ ያለ ኩላሊት፣ ያለ ከብት። አሁን ገበሬው በኩንታል የሚገዛው ማዳበሪያም እሱ ነው። እንግዲህ አስበው፦ ለኬሚስት የዩሪያ ከረጢት የሞላው በኦርጋኒክ ነገር ነው። ለቲማቲም ሻጩ ደግሞ ኦርጋኒክ ማለት ያ ከረጢት ያልነካው ነው። ሁለቱ ቃላት በስም ይገናኛሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

የካዛንቺስ እናት፦ ጋሼ፣ ለበዓል ብዬ ሦስት ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። ሰውየው "ለጋ ነው" ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠልኝ። እቤት ሳየው ግን ልቤ አላመነውም። ሙዝ ይቀላቅላሉ ሲባል እሰማለሁ። በምን ላውቅ?

ጋሼ፦ እህቴ፣ ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል። ይሄ ነው የኔ ሙያ። ጥርት ያለ ብርጭቆ ውሰጂ። ሁለት ማንኪያ ቅቤ ጨምሪበትና ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሚው። እሳት ላይ እንዳታደርጊው፤ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። ከቀለጠ በኋላ ሳትነካኪው ግማሽ ሰዓት ተዪው። ቅባት ከውሃ ይሸሻል፤ ከውሃ ስለሚቀልም ላይ ይወጣል። ውሃ የሚወደው ሁሉ ታች ይወርዳል። ንጹሕ ቅቤ ላዩ የጠራ ቢጫ ነው፤ ሥሩ ቀጭን ነጣ ያለ ውሃና የወተት ፕሮቲን ነው። ሙዝ ካለበት ዝቃጩ ወፍራም ይሆናል፤ ነጭም አይሆንም። አይተሽ ንገሪኝ።

ቀበና፦ አዮዲን ጠብ ቢደረግበትስ? ትምህርት ቤት ሰማያዊ ይሆናል ብለውናል።

ጋሼ፦ ሰማያዊ የሚያደርገው ስታርች ነው። ዱቄት ወይም ድንች ከተቀላቀለበት ወዲያው ይጠቁርልሃል። ሙዝ ግን ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ለዚህ ነው የሚጣፍጠው። በደንብ በበሰለ ሙዝ ላይ አዮዲኑ ሊሸውድህ ይችላል። አዮዲን የነካውን ደግሞ ማንም እንዳይቀምስ። ደግሜ እለዋለሁ፤ እንዳይቀምስ።

ፒያሳ፦ የረጋ ዘይት ጥሩ ነው መጥፎ?

ጋሼ፦ ማስጠንቀቂያ ቁጥር ሁለት።

ዶሮ ማነቂያ፦ ጋሼ፣ የሚረጋው ዘይት ግን ጤናማ ነው ወይ?

ጋሼ፦ አሁን የተጠየቀውን አላየህም? እሺ፣ ጤናውን ለሐኪም ትተን ለምን እንደሚረጋ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ማንም አያቆመኝም።

ሦስት ፋቲ አሲድ ውሰዱ። ሦስቱም 18 ካርቦን አላቸው። ስቴሪክ አሲድ እንደ አጣና ቀጥ ያለ ነው፤ 69 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ኦሌይክ አሲድ መሃሉ ላይ አንድ ድርብ ማሰሪያ አለው፣ ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የተያያዙበት ማለት ነው፤ እዚያ ጋ ይጎብጣል። እሱ 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት ድርብ ማሰሪያ አለው፤ ሁለቴ ይጎብጣል። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ካልወረደ አይረጋም። የካርቦኑ ቁጥር ያው፤ ልዩነቱ መጉበጡ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ አጣና ተደርድሮ ጥቅጥቅ ብሎ ይታሰራል። ጠማማ ጭራሮ እሰር ብትባሉ ግን ስትታገሉ ትውላላችሁ።

ኑግ በብዛት ያለው ሊኖሌይክ ነው፤ ስለዚህ ክረምትም በጋም ይፈስሳል። ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ቀጥ ቀጥ ያለው ነው። ቅቤ ከዚያም ይብሳል። ያ የረጋ የምትሉት ዘይት አዲስ አበባ ብርድ ላይ ስለሆነ ነው የሚረጋው፤ አፋር ብትወስዱት እንደ ውሃ ይሆንላችኋል። መርጋት የዘይቱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የከተማችንም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ጠርሙሱ ላይ "ኮሌስትሮል የለውም" ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። የአትክልት ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ውሃ ላይ "አጥንት የሌለው" ብሎ እንደመለጠፍ ነው።

ቀበና፦ ግን ኑግ ለመጥበሻ አይሆንም። ቶሎ ያጨሳል።

ገዳም ሰፈር፦ ማን አለ? እናቴ ያሳደገችኝ በኑግ ነው። አሣም፣ ድንችም፣ ሁሉንም።

ቀበና፦ እናትህ ጊዜ የነበረው ኑግ አሁን የለም ወንድሜ።

ፒያሳ፦ ይልቅ የሸማቾች ዘይት መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አለ? ቀበሌ ስንጠይቅ "ነገ" ከሚሉን ሦስት ሳምንት ሆነን።

ዶሮ ማነቂያ፦ እኛ ጋ መጥቶ አልቋል። ለሰባት ሰው ብቻ ደረሰ።

ጋሼ፦ ወረፋውን ሌላ ቦታ ተነጋገሩበት። ስለ ኑግ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ያ ድርብ ማሰሪያ ኦክስጅን የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ ኑግ ቶሎ ይሸታል፤ ደጋግሞ ሲጠበስበትም ቶሎ ይበላሻል። በጥቂቱ ግዙ፤ ከብርሃን አርቁት፤ አንዴ የጠበሳችሁበትን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ።

የማታ ተማሪዋ፦ የበሳል ቅቤ ሽታ ከምን ይመጣል?

ጋሼ፦ አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ይቅር ብዬሻለሁ። ቅቤ ውስጥ 18 ካርቦን ካላቸው ረጃጅሞች ጋር አንድ ድንክ አለ፤ 4 ካርቦን ብቻ ያለው ቡቲሪክ አሲድ። ስሙ ራሱ ከላቲኑ "ቅቤ" የመጣ ነው። ግሊሰሮሉ ላይ ታስሮ እያለ አይሸትም። ቅቤው ሲቆይ ማሰሪያው ይፈታና ይወጣል። ትንሽና ቀላል ስለሆነ ተንኖ አፍንጫችን ድረስ ይመጣል። ረጃጅሞቹ ከባድ ናቸው፤ ካሉበት አይነሱም። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ብለው የሚለዩት ነጋዴዎች በአፍንጫቸው የሚለኩት ይህን ድንክ ነው። እኛም ላቦራቶሪ ውስጥ በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ቅልቅሉን አንድ በአንድ በሚለይ መሣሪያ፣ የምንፈልገው እሱኑ ነበር። ፓልም ውስጥ የለማ! ቅቤ ተብሎ የመጣው ናሙና ቡቲሪክ አሲዱ ካነሰ አንድ ሰው እየቀለደብን ነው ማለት ነው።

ካዛንቺስ 2፦ ጋሼ፣ የኮላጅን ዱቄት ለቆዳ ይሠራል? ባለቤቴ ብዙ ብር እያወጣችበት ነው።

ጋሼ፦ ኮላጅን ፕሮቲን ነው። ጨጓራና አንጀት ደግሞ ፕሮቲን ሲያገኙ ይቆራርጡታል። ከዶሮም ይምጣ ከዱቄት፣ የመጨረሻው አሚኖ አሲድና ጥቂት ቁርጥራጭ ነው። አሚኖ አሲድ ደግሞ "እኔ ለፊት ቆዳ ነኝ" ብሎ ታርጋ ለጥፎ አይሄድም። ኢንሱሊንም 51 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ስለሆነ ነው እንደ ተራ ክኒን የማይዋጠው፤ ይፈጫል። ከባለቤትህ ጋር ግን አታጣላኝ።

ፒያሳ፦ አባቴ ስኳር አለበት። ጤፍ ይሻለዋል ወይስ ገብስ?

ጋሼ፦ ሐኪሙ ጋ። ቁጥር አንድ ነው ይሄ።

ገዳም ሰፈር፦ ሥጋ ለማይበላ ሰው በጾም ፕሮቲን ከየት?

ጋሼ፦ ከፊትህ ካለው ትሪ። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው። 9ኙን ሰውነታችን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ነው የሚመጡት። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ የሚያንሳቸው ሜታዮኒን ነው። እሱን ደግሞ እህሉ ያመጣል። ሽሮ በእንጀራ ይሄው ነው። ባዮኬሚስት ሳይኖር ተጋብተዋል።

አምስት ኪሎ፦ ጓያም ጥራጥሬ ነው። ጓያስ?

ጋሼ፦ ጓያ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ውስጡ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። አሚኖ አሲድ ሁሉ ፕሮቲን ውስጥ አይገባም፤ ይሄኛው ብቻውን ይዞራል። መልኩ ነርቮቻችን እርስ በርስ ለመነጋገር የሚጠቀሙበትን ግሉታሜት ይመስላል። ነርቩ ይሳሳትና ይቀበለዋል፤ ከዚያ ያለ ዕረፍት ይቀሰቀሳል፤ በመጨረሻ ይሞታል። ድርቅ ሲሆን፣ ሌላ እህል ሲጠፋ፣ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩን የሚያጣው ለዚህ ነው። የሚመለስ ጉዳት አይደለም። አሁን ጥያቄዬን ጠይቁ፦ ውሃ ይወዳል? ይወዳል። ስለዚህ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ይቀንሰዋል አልኩ፤ ያጠፋዋል አላልኩም።

እትዬ ከአፍንጮ በር፦ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የጤፍ ሊጥ ያለ አብሲት ለምን እንቢ ይላል? ሃምሳ ዓመት ጋገርኩ፣ ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

ጋሼ፦ እትዬ፣ እርስዎን ማስተማር ድፍረት ነው። ስንዴ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አየሩን ይይዛል። ጤፍ ያ የለውም። እርስዎ ከሊጡ ቀንሰው ሲያፈሉ ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ይዝለገለጋል። ተመልሶ ሊጡ ውስጥ ሲገባ የግሉተኑን ሥራ በከፊል ይሠራል። እርሾው የሚያወጣው አየር የሚያመልጥበት ያጣና ዓይን ይሆናል።

ቀበና፦ እህቴ ያለ አብሲት ትጋግራለች፤ ዓይኑ ልቅም ያለ ነው።

እትዬ ከአፍንጮ በር፦ ዱቄቱ ምን ተቀላቅሎበት ነው? ጠይቃት እስቲ።

ቀበና፦ …ትንሽ ስንዴ።

እትዬ ከአፍንጮ በር፦ እህ።

የማታ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ዲኤንኤን ረሱት። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ ናቸው ያገኙት አይደል?

ጋሼ፦ ቅርፁን ነው እንጂ ዲኤንኤን አይደለም ያገኙት። ሚሸር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1869 ከቁስል ፋሻ ላይ መግል ሰብስቦ ለይቶት ነበር። ከዚህ በላይ የኔ ሙያ አይደለም።

አምስት ኪሎ፦ ቅርፁን ለማወቅ የረዳቸውን የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን ኤክስሬይ ሳይጠቅሱ?

ጋሼ፦ ልክ ነህ፤ ተቀጥቻለሁ።

ፒያሳ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። የረጋ ዘይት ጥሩ ነው መጥፎ?

ጋሼ፦ ለሦስተኛ ጊዜ አልመልስም። ደግሞ ስትጠይቀኝ ነው ያመሸኸው፤ ስምህ ይታያል።

የካዛንቺስ እናት፦ ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ላዩ ጠርቷል። ሥሩ ግን ከጣት ወርድ ይበልጣል፤ ድፍርስ ነው፤ ትንንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። አዮዲን ያላየው ነው።

ጋሼ፦ ከጣት ወርድ በላይ? ከሁለት ማንኪያ ቅቤ? ላዩን ቀድተሽ አውጪና ዝቃጩን አሽቺው።

የካዛንቺስ እናት፦ አሸተትኩት። ልጄም አሸተተ። "እማዬ፣ ሙዝ ጁስ" አለኝ።

ጋሼ፦ ነገ ብርጭቆውን እንዳለ ይዘሽ ሂጂ። ከሰውየው ጋር አትጨቃጨቂ፤ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጪና ዝም በይ። ሌላ ደንበኛ እስኪገባ ጠብቂ ብቻ።