«እርጅና ነው» የተባለላት ድመት

ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ድመት አለችን። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ በአንድ ዝላይ ትወጣው የነበረውን መስኮት ትታለች፤ ጠረጴዛው ላይ ለመውጣትም መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ትወጣና በፊት እግሮቿ ተንጠልጥላ ራሷን ትጎትታለች። ሰሞኑን ደግሞ ከአሸዋ ሳጥኗ አጠገብ ወለሉ ላይ መሽናት ጀምራለች። ሆኖም አታነክስም፣ አትጮኽም፣ ምግቧንም አልተወችም። ባለቤቴ «እርጅና ነው፣ ተያት» ይለኛል፤ ጎረቤታችን ግን ግማሽ ፓራሲታሞል በወተት በጥብጬ እንድሰጣት መክራኛለች። የማንን ልስማ?

አንባቢ፣ ከሱሉልታ

ውድ አንባቢያችን፣

ፓራሲታሞሉን በፍጹም እንዳይሰጧት። በድመት ጉበት ውስጥ ይህን መድኃኒት ለማስወገድ የሚረዳው ኢንዛይም እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የሚፈጠረው መርዝ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ለሰው የሚታዘዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ። ምናልባት ቀምሳ ከሆነ ምልክት ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።

ባለቤትዎ እርጅና ማለታቸው ስሕተት ባይሆንም፣ «ተያት» ማለታቸው ግን አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ ከ12 ዓመት በላይ ከሆናቸው 100 ድመቶች መካከል የ90ዎቹ ራጅ የመገጣጠሚያ መበላሸት አሳይቷል። ሁሉም ሕመም ይሰማቸዋል ማለት አይደለም፤ የሚሰማቸውም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጎናቸው ስለሚታመም አያነክሱም፣ ይልቁንም ያደርጉት የነበረውን ነገር አንድ በአንድ ይተዋሉ። የጀርባዋ ፀጉር ተቋጥሮ፣ ጥፍሯም ከልክ በላይ አድጎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ዞራ መላስና ጥፍሯን መሳል ሲያማት የሚሆነው እንደዚህ ነው።

ወለሉ ላይ መሽናቷን እንደ ብልግና አይቁጠሩባት፤ የሳጥኑን ጠርዝ መሻገር አቅቷት ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን ጎን አራት ጣት ያህል ብቻ አስቀርተው ይቁረጡላት። ነገር ግን የኩላሊት በሽታ፣ ስኳር ወይም የሽንት ቧንቧ ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋታል። ሜሎክሲካም የተባለው ማስታገሻ ለድመት በክብደቷ ልክ በጠብታ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ሐኪሙ የኩላሊቷን ሁኔታ ሳያውቅ ሊያዝላት አይገባም።

እስከዚያው ከመስኮቱ ሥር የማይነቃነቅ ሳጥን እንደ ደረጃ ያስቀምጡላት፤ የሱሉልታ ብርድ የታመመ መገጣጠሚያ ስለማይምር መኝታዋን ከሲሚንቶው አንሥተው ብርድ ልብስ ያንጥፉላት። ወፍራም ከሆነች ክብደቷን ቀስ በቀስ መቀነስ ከብዙ መድኃኒት ይሻላል፤ ማስራብ ግን ጉበቷን ሊያሳምማት ስለሚችል አይሞክሩት።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ጠረጴዛው ላይ የምትወጣበትን ሁኔታ በስልክዎ ቀርጸው ይያዙ፤ አብዛኞቹ ድመቶች ክሊኒክ ሲደርሱ ኩርምት ብለው ስለሚቀሩ ሐኪሙ አካሄዷን የሚያየው በዚያ ቪዲዮ ብቻ ሊሆን ይችላል።