«ጀልባ ሳይኖርሽ ያት ክለብ ምን ትሠሪያለሽ?» ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ነጭ ሱሪና ሰማያዊ ኮት ለብሼ ጀልባ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ያየ ዘመድ ሁሉ «እሷ ደግሞ መቼ ሚሊየነር ሆነች?» ሲል ሰነበተ። ጥያቄው ሲበዛብኝ «በሉ ሁላችሁም ጠይቁኝ፣ ባንድ ላይ ልመልስ» አልኩ። ሲያትል ነው የምኖረው። ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትንሽ ያት ክለብ (የመዝናኛና የውድድር ጀልባ ወዳዶች ማኅበር) አባል ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው፤ ዘጠኙን የውድድር ኮሚቴ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሆስፒታል ነው፣ የማታ ፈረቃ። የራሴ ጀልባ የለኝም፣ የመግዛት ሐሳብም የለኝም። የክለቡን ስም አልጠራም፤ ከታች ትንሽ ሐሜት ስላለበት።

ጥያቄ፦ ጀልባ ሳይኖርሽ እንዴት አስገቡሽ?

ጀልባ ያለው ሰው ሁሌም ሰው ያጥረዋል። አንድ 9 ሜትር የሚሆን የሸራ ጀልባ ለውድድር ሲወጣ አምስት ስድስት ሰው ይፈልጋል፤ ገመድ የሚስብ፣ ሸራ የሚያወርድ፣ ሌላው ቢቀር ክብደቱን ወደ ነፋሱ በኩል ይዞ የሚቀመጥ። ስለዚህ ባለጀልባው ነው ሰው የሚለምነው።

እኔ የገባሁት ግን በልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ በጋ ላይ የሸራ ትምህርት አስገባሁት። ልጆቹ የሚማሩባት ጀልባ «ኦፕቲሚስት» ትባላለች፤ በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ለልጆች ተብላ የተሠራች፣ ርዝመቷ 2 ሜትር ከ30፣ ስታዩዋት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ሸራ የተተከለ ነው የምትመስለው። እሱ ሲማር እኔ ዶኩ (ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት መድረክ) ላይ ተቀምጬ ከሌሊት ሥራ የተረፈኝን እንቅልፍ አንቀላፋለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጠና ያለች ሴት መጥታ «ከተቀመጥሽ አይቀር ይህን ያዢልኝ» ብላ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። ልጆቹ መስመሩን ሲያልፉ ሸራቸው ላይ ያለውን ቁጥር በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። ሌላ ነገር የለውም። በዓመቱ የአባልነት ቅጽ ስትሰጠኝ እሷው ፈርማ ዋስ ሆነችኝ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገሪን፣ ስንት ያስወጣል?

እንደ ክለቡ ነው። በ1892 እንደተመሠረተው እንደ ሲያትል ያት ክለብ ያለ፣ ትልቅ ቤትና የራሱ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ያለው ሲሆን መግቢያውም ወርሃዊውም ከባድ ነው፣ አባላት ካልመሰከሩልህም አትገባም። በሌላ በኩል ቤት እንኳ የሌላቸው፣ ስብሰባቸውን ምግብ ቤት ውስጥ የሚያደርጉ ክለቦች አሉ፤ የዓመት መዋጯቸው የሁለት ሰው እራት ያህል ነው። የእኛው መሃል ላይ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ሰዎች የማይጠብቁት የሥራ ሰዓቱን ነው። እኛ ጋ እያንዳንዱ አባል በዓመት 12 ሰዓት በእጁ መሥራት አለበት፤ ያልሠራ ይቀጣል፣ ሒሳቡ ይላክለታል። እድር በሉት። ጸደይ ሲገባ ደግሞ ደቦ አለ። የሲያትል ዝናብ ክረምቱን ሙሉ ዶኩ ላይ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል፣ ካልተፋቀ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቅዳሜ ጠዋት ብሩሽና የውሃ ግፊት ማሽን ይዘን ተንበርክከን እንፍቃለን። ባለፈው ዓመት አጠገቤ ሲፍቅ የነበረው ሰውዬ የልብ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ያዘዘን ደግሞ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ «እንደዚያ አይደለም» ተባለ። ዝም ብሎ ፋቀ።

ጥያቄ፦ ኮሞዶር ምንድን ነው? ወታደራዊ ማዕረግ ነው?

የእድር ዳኛ ነው፣ ባርኔጣ ያለው። ከሥሩ ሁለት ምክትሎች አሉ። ሁሉም ይመረጣሉ፣ ሁሉም ያለ ደመወዝ ነው። የእኛው ሁለተኛ ምክትል ዋና ኃላፊነቱ ሽንት ቤት ወረቀት እንዳያልቅ ማድረግ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ጥያቄ፦ «የውድድር ኮሚቴ» የምትይው ሥራው ምንድን ነው? ቁጭ ብሎ ማየት ነው?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት፣ ስለዚህ ረዘም ላድርጋት። ረቡዕ ማታ ከሥራ መልስ ወደ ሃያ የሚጠጉ ጀልባዎች ይወጣሉ። የሸራ ጀልባ ደግሞ እንደ ሯጭ መስመር ላይ ቆሞ መጠበቅ አይችልም፤ ነፋስ አይቆምለትማ። ስለዚህ ሁሉም ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ልክ ሰዓቱ ሲደርስ በሙሉ ፍጥነት መስመሩን ለማለፍ ያደባል። መስመሩ የሚታይ ነገር አይደለም፦ በእኛ በኮሚቴው ጀልባ ላይ ካለው ብርቱካናማ ባንዲራ እስከ አንድ ተንሳፋፊ ምልክት ድረስ በዓይን የሚሰመር ነው።

ሰዓቱን የምንነግራቸው በባንዲራ ነው። 5 ደቂቃ ሲቀር የየምድቡ ባንዲራ ይወጣል፣ ጡሩምባ ይነፋል። 4 ሲቀር ሰማያዊ ሆና መሃሏ ነጭ የሆነችው «ፒ» ትወጣለች። 1 ሲቀር «ፒ» ትወርዳለች። ዜሮ ላይ የምድቡ ባንዲራ ወርዶ ይነሳሉ። ቀድሞ የሾለከ ካለ ሰማያዊ መስቀል ያለባት ነጭ ባንዲራ ወጥታ፣ ጡሩምባ ተነፍቶ፣ ተመልሶ እንደገና እንዲነሳ ይደረጋል። ጡሩምባው ቢበላሽስ? ምንም አይደል፤ ሕጉ የሚቆጥረው ባንዲራውን ነው፣ ድምፁ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። «አራት!» ሲባል «ፒ»ን በማውጣት ፈንታ የያዝኩትን የምድብ ባንዲራ ቁልቁል ሳብኩት። አስራ ስምንት ጀልባ ሰዓቱን እያየ ግራ ገባው። ገሚሱ ዞረ፣ ገሚሱ ወደኛ እየጮኸ መጣ፣ አንዱ ሰውዬ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ እንደ ሕዝብ ተወካይ ንግግር ያደርጋል። አለቃችን ምንም ሳትለኝ ቀይና ነጭ ሽንትር ያለባትን የማዘግያ ባንዲራ አወጣች፣ ሁለቴ ነፋች፣ ቴርሞሷን ከፍታ ሻይ ቀዳችልኝና «እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ጠጪ» አለችኝ። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርን። ሰውዬው ያን ማታ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ዛሬ በየዓመቱ የማዘግያዋን ባንዲራ ሲያይ ስሜን ይጠራል።

ጥያቄ፦ እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። አሁን ሬንተን ነኝ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ለእንደኔ ያለ ሰው ቦታ አለ?

አባባ፣ እርስዎማ የክብር እንግዳ ነዎት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ምናልባት ከእኔ በላይ ያውቁት ይሆናል። አሜሪካ በ1962 ለባሕር ኃይላችን ያዋሰችው፣ «ኢትዮጵያ» ተብላ የኃይሉ ዋና መርከብ የሆነችው፣ ቀድሞ «ኦርካ» ትባል ነበር። የተሠራችው የት መሰለዎት? እዚሁ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ ሃውተን በሚባለው መንደር፣ ዛሬ ከርክላንድ ውስጥ ካሪሎን ፖይንት የሚባለው ቦታ ላይ። በ1942 ውሃ ላይ ዋለች። ከሐይቁ ወደ ባሕር መውጫው አንድ ብቻ ነው፣ በ1917 የተከፈተው፣ ውሃውን ከፍና ዝቅ እያደረገ መርከብ የሚያሳልፈው የባላርድ የውሃ በር፤ ያች 95 ሜትር የምትረዝም መርከብም በዚያው ወርዳ ነው የወጣችው። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ (በፈረንጆቹ 1991) ወደ የመን ሸሸች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እኔ ይህን እስክሰማ ድረስ ስንት ዓመት በዚያ ፊት ለፊት ምልክት ስጥል ኖሬያለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፦ የኮሚቴው ጀልባ ላይ ወንበር አለ፣ ሥራው ዓይንና ሰዓት ነው። ቋጠሮ ለልጆች የሚያስተምር ሰውም ሁሌ እንፈልጋለን። የእርስዎ እጅ የማይረሳው ቋጠሮ ዛሬም አንድ ነው፣ አልተቀየረም።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሆነሽ እዚያ መሃል አይከብድም?

አንዳንድ ቀን ይከብዳል። እዚህ አገር ብዙ የግል ክለቦች ጥቁርም አይሁድም የማያስገቡበት ዘመን ሩቅ አይደለም፣ ግድግዳ ላይ ያሉት የድሮ ፎቶዎችም ይህንኑ ይናገራሉ። እኔን የገጠመኝ፦ የአንድ አባል እንግዳ፣ የክለቡን ባንዲራ ኮቴ ላይ ለጥፌ ቆሜ ሳለሁ፣ ባዶ ብርጭቆውን ዘርግቶ «በረዶ ጨምሪልኝ» አለኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ ማሽኑን አሳየሁትና «ራስን ማስተናገድ ነው የክለቡ ልማድ» አልኩት፤ እውነትም ነው። ለኮሞዶሩ ግን ነገርኩት። ለቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ሆነ፣ ግማሹ ሰው አፈረ፣ ግማሹ «ተሳስቶ ነው» አለ። ክለቡን ሳልለቅ የቀረሁት በዚያ ወቅት ውድድሩን የምትመራው አለቃ ሌላ ሰው ስላላገኘች ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስፈለግ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። ልጆቼም አይችሉም።

ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደሪያ) ልበሱ፣ ያለ ክርክር። በዋሽንግተን ግዛት ከ19 ጫማ (6 ሜትር ገደማ) ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጀልባው እየሄደ ሳይለብስ መቀመጥ በሕግ ክልክል ነው። ትልልቆቹ «እኔ እችላለሁ» ሲሉ አትስሟቸው። ሐይቁ በበጋ ይሞቃል፣ ከሲያትል በስተ ምዕራብ ያለው የባሕር ወሽመጥ፣ ፒውጀት ሳውንድ፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ መጀመሪያ የሚከዳችሁ ትንፋሻችሁ ነው፣ ቀጥሎ ጣቶቻችሁ አልታዘዝ ይላሉ። ጎበዝ ዋናተኛም ይህ አይቀርለትም። ጎን ለጎን ዋና ተማሩ፣ በየሰፈሩ የሕዝብ መዋኛ አለ።

ጥያቄ፦ ረቡዕ ጾም ነው። መጠጡስ?

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ሃምበርገሩን ሲጠብስ እኔ ቺፕስ እበላ ነበር። ቀጥሎ ምስር ወጥና ጎመን በድስት ይዤ ሄድኩ። ቪጋኖቹ ዙሪያዬን ከበቡኝ። አሁን ረቡዕ ካልመጣሁ «ደህና ነሽ?» ብለው የሚደውሉት ለእኔ ይሁን ለምስሩ አላውቅም። ቡና አፍልቼ በቴርሞስ ኮሚቴው ጀልባ ላይ እወስዳለሁ፤ ከሰልና ጀበና ጀልባ ላይ አይሞከርም፣ እንዳትሞክሩት። ባሩ አለ፣ የማይጠጣን ግን ማንም አያስገድድም።

ጥያቄ፦ የበጎ ፈቃድ ሰዓቴ ታክስ ላይ ይቀነስልኛል?

አይቀነስም። የሰዓት ዋጋ የትም ድርጅት ብታገለግሉ አይቀነስም። ገንዘብ መስጠትን ካሰባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ያት ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ «501 ሲ 7» ናቸው፣ የመዝናኛ ማኅበር ማለት ነው፣ ለእነሱ የሚሰጥ ስጦታ ከታክስ አይቀነስም። ልጆች የሚያስተምሩት ክንፎች ግን ብዙ ጊዜ «501 ሲ 3»፣ ማለትም የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ሆነው ለብቻ ይቋቋማሉ። ቼኩን ለየትኛው እንደምትጽፉ እዩ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይቻል ይሆን?

እናንተማ ከደንገል ታንኳ የምትሠሩ ሰዎች! እምቦጩን ለመንቀል ሰው በፈቃዱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ እኛ ዶክ ስለፋቅን ፎቶ እንነሳለን። በሁለት አሮጌ ጀልባና በአንድ ዛፍ ጥላ የጀመረ ክለብ ብዙ ነው። የላይፍ ጃኬቱን ነገር ብቻ ቀድማችሁ አስቡበት።

ጥያቄ፦ ሬኒየር ቫሊ ነው የምኖረው። ክለብ ሳልገባ ልሞክረው ብል የት ልሂድ?

ከቤትሽ ብዙም አትርቂም። ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር፣ ስታን ሴርስ ፓርክ ውስጥ፣ ማውንት ቤከር የቀዘፋና የሸራ ማዕከል አለ፤ የከተማው ፓርኮች መምሪያ ነው የሚያስተዳድረው፣ ልጅም አዋቂም ያስተምራሉ። ወደ ሰሜን ማግነሰን ፓርክ ውስጥ ሴይል ሳንድ ፖይንት አለ። ሌክ ዩኒየን ደቡብ ጫፍ ላይ ደግሞ የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል አለ፤ አናጢነት የሚወድ ባል ካለሽ ላኪው፣ ቶሎ አይመለስም። ማክሰኞ ማታ በበጋ እዚያው ሐይቅ ላይ «ደክ ዶጅ» የሚባል የቀልድ ውድድር አለ፣ ከዳር ሆኖ ማየቱ በነጻ ነው። በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሞንትሌክ ሂጂና የጀልባ ወቅቱን መክፈቻ እዪ፤ ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ሱሪዬም የዚያን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አሳመንሽኝ። የፊታችን ረቡዕ ልምጣ፣ ምን ልያዝ?

ሌላ ነገር አያስፈልግሽም፦ ፀሐይ ቢሆንም ሹራብ፣ መዳፍሽን ከገመድ የሚያድን ጓንት፣ መነጽርሽን አንገትሽ ላይ የሚያስር ክር። ጫማሽ ጥቁር ሶል ካለው ነጭ ጀልባ ላይ ምልክት ይተዋልና ሌላ ቀይሪ። 11 ሰዓት ተኩል በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ምስሩን አትያዢ፣ እኔ አለኝ፤ እንጀራ ግን ካለሽ አምጪ፣ እነሱ አንድ ጥቅል ለብቻቸው ነው የሚጨርሱት።