ፕሪንት የተደረገ ፑሊ ይቆያል ወይ? የትኛው ፑሊ?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለኤሌክትሪክ ስኬትቦርድህ የሞተሩን ፑሊ (ቺንጊያው የሚጠመጠምበት ባለ ጥርስ ክብ)፣ የጎማውን ፑሊና ሞተሩን የሚይዘውን ማውንት፣ ሦስቱንም በፒኤልኤ (በተለመደው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) ፕሪንት አድርጌ አዳማ ውስጥ ብነዳው ይቆያል ወይስ ልፋት ብቻ ነው ብለህ ነው የጠየቅከው። ከሥር አንዱ "ፕላስቲክ በፍጹም አይሆንም" ብሎሃል፣ ሌላው ደግሞ "የእኔ እስካሁን ይሠራል" ብሏል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ዕቃ ነው። እኔ እዚሁ አዳማ ፕሪንት በተደረገ የጎማ ፑሊ ከነዳሁ ቆይቻለሁ፣ የሌሎች ልጆችንም ቦርድ ፈትቼ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። የጎማውን ፑሊ ፕሪንት አድርግ፣ ግን በፒኤልኤ አይሁን። የሞተሩን ፑሊ ብረት ግዛ። ማውንቱን ከአሉሚኒየም ሥራ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሞተሬ 6374 (የሞተሩ የመጠን ስም ነው)፣ 190 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 190 ጊዜ የሚዞር) ነው ብለሃል። እንዲህ ያለ ሞተር በአንድ አምፔር 0.05 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ጉልበት ይሰጣል። 60 አምፔር ስትለቅበት 3 ኒውተን ሜትር ይሆናል። 16 ጥርስ ያለው ባለ 5 ሚሊ (ከጥርስ እስከ ጥርስ 5 ሚሊ የሆነ) ፑሊ ከመሃሉ እስከ ቺንጊያው 12.7 ሚሊ ገደማ ስለሆነ፣ ቺንጊያው በ236 ኒውተን ይጎተታል፤ 24 ኪሎ ነገር አንጠልጥለህበታል ማለት ነው። ቺንጊያው አንድ ስለሆነ ይሄ ጉልበት ሁለቱም ፑሊ ላይ እኩል ነው። ልዩነቱ ስንት ጥርስ ይካፈለዋል የሚለው ነው። ትንሹ ፑሊ ላይ ቺንጊያውን የሚይዙት 7 ጥርሶች ገደማ ናቸው። 36 ጥርስ ያለው የጎማ ፑሊ ላይ 20 ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ ሞተሩ ላይ አንዷ ጥርስ 34 ኒውተን ስትሸከም ጎማው ላይ ያለችው 12 ብቻ ነው የሚደርሳት። በዚያ ላይ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ሁለት ጊዜ ከሩብ ይዞራል፣ ስለዚህ ትንሹ ፑሊ ብዙ ከመሸከሙም በላይ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው።

የሞተሩን ፑሊ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ አይደለም። ቀዳዳው ነው። አንድ ልጅ "ሞተሩ ይዞራል፣ ቦርዱ አይሄድም" ብሎ ይዞልኝ መጣ። ፑሊውን አወጣሁት። ጥርሶቹ ገና እንደታተሙ ነበሩ፣ ምንም አልሆኑም። ውስጡን ሳየው ግን ክቡ ቀዳዳ እንቁላል መስሏል፣ ኪይ የምንላት ትንሿ ብረት የምትገባበት ቦይ ጠርዙ ተልጦ ወደ ጎን ተኝቷል፣ ሻፍቱ (የሞተሩ ዘንግ) ላይ ደግሞ የተፈጨ ፕላስቲክ ተጋግሮበታል። የሻፍቱ ውፍረት 8 ሚሊ ስለነበር ያ 3 ኒውተን ሜትር ኪይዋ ላይ 750 ኒውተን ይሆናል። 75 ኪሎ ሰው በአንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ቆሞ እየተወዛወዘ ነው በለው። ጋዝ ስትሰጥ ወደ አንድ ጎን፣ ብሬክ ስትይዝ ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። ምንም ዓይነት ፊላመንት (ፕሪንተሩ የሚያትምበት የፕላስቲክ ክር) ተጠቀም፣ ውሎ አድሮ ቦዩ ይሰፋል።

ሙቀቱንም አትርሳ። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ሻፍቱ የሞተሩን ሙቀት በቀጥታ ፑሊው መሃል ያስገባዋል። ቬስክ (ሞተሩን የሚቆጣጠር ኮንትሮለር) የምትጠቀም ከሆነ የሞተር ሙቀት ሴቲንጉን ክፈትና እየው፤ ካልነካካኸው ኃይል መቀነስ የሚጀምረው 85 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው 100 ላይ። ኮንትሮለሩ "ሞተሩ ሞቋል" ብሎ ማሰብ ሲጀምር ፒኤልኤው ከለሰለሰ ቆይቷል ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ጥቁር ቦርድህን አስፋልት ዳር አቁመህ ማኪያቶ ስትጠጣ ራሱ ይሞቃል። ፒኤልኤን ኦቨን ውስጥ አሙቆ ማጠንከር ይቻላል የሚሉህ እውነታቸውን ነው፣ ግን ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ለጌጥ ዕቃ ችግር የለውም። ለጥርስ ግን አይሆንም።

ማውንቱ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሲሰበር አታየውም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሸሽህ። ቺንጊያውን ወጥረህ ስታስረው ሞተሩ ቀንም ሌሊትም ወደ ጎማው እየተጎተተ ነው፣ ቦርዱን ባትነዳውም እንኳ። ፕላስቲክ እንዲህ ያለ የማያቋርጥ ጭነት ሲኖርበት ይሳባል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ሞተሩ በትንሹ ያዘነብላል፣ ቺንጊያው ወደ አንድ ጠርዝ ይሄድና ጠርዙ እየተተለተለ ክር ማውጣት ይጀምራል፣ ውጥረቱም ይላላል። ከዚያ አንድ ቀን ብሬክ ስትይዝ ታታታታ የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ቺንጊያው ጥርስ እየዘለለ ነው። ይሄ ነው ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም የአንተ ቦርድ ሌላ ብሬክ የለውም። በሞተሩ ነው የምትቆመው፣ ሞተሩ ደግሞ ጎማውን የሚይዘው በዚያች ቺንጊያ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ከፊትህ ባጃጅ ድንገት ሲቆም ያ ድምፅ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስበው። ለማውንቱ 8 ሚሊ አሉሚኒየም በቂ ነው። በሴጌቶ ተቆርጦ፣ በትራፓኖ ተበስቶ፣ በሞረድ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ራስህም ትሠራዋለህ፣ ካልሆነም ቶርኖ ቤት ሥዕሉን ይዘህ ሂድ። ውጥረቱን የምታስተካክልባቸው ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ እንዲሆኑ ንገራቸው። የመጀመሪያውን ከካርቶን ቆርጠህ ወይም በፒኤልኤ ፕሪንት አድርገህ ልኩን መሞከር ግን በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ፒኤልኤ እዚህ ቦታው ነው።

አሁን ወደ ጎማው ፑሊ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ፕሪንተርህ የሚጠቅምህ።

ፊላመንቱ ቢያንስ ፒኢቲጂ ይሁን፤ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ይችላል፣ ለማተምም ቀላል ነው። ኤቢኤስና ኤኤስኤ 100 አካባቢ ይደርሳሉ፣ ኤኤስኤ ደግሞ ፀሐይ አይጎዳውም፣ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ለሁለቱም ግን ፕሪንተሩ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። መስኮት ከፍተህ የአዳማ ነፋስ ከገባበት ንብርብሩ ይሰነጠቃል። ጭሱ ደግሞ ስለማይመች አጠገቡ አትቀመጥ። ናይለን ለጥርስ ምርጥ ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ ቶሎም አያልቅም። ጣጣው እርጥበት መምጠጡ ነው። ሳታደርቀው ካተምከው ኖዝሉ (ፕላስቲኩ የሚወጣበት አፍ) ላይ ይንጣጣል፣ ሲወጣም ባለ ቀዳዳ ይሆናል። ለብዙ ሰዓት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ የምታደርቅበት ነገር ከሌለህ ለጊዜው ተወው።

አተማመኑ ከፊላመንቱ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ፑሊውን አስተኝተህ አትም፣ እንደ ሳንቲም። አቁመህ ካተምከው ጥርሱ በንብርብሩ መገጣጠሚያ ላይ ይገነጠላል። የግድግዳውን (ፕሪንተሩ ዳር ዳሩን የሚዞረውን መስመር) ቁጥር 8 አድርገው። የዚህ ፑሊ ጥርስ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ገደማ ነው፣ በ0.4 ኖዝል 8 ግድግዳ ከ3 ሚሊ በላይ ስለሚሆን ጥርሱም ሥሩም ድፍን ይሆንልሃል። ብዙ ሰው ግድግዳውን 2 ትቶ ውስጡን መቶ በመቶ ይሞላዋል፣ እሱ ፊላመንት ይበላል እንጂ ጥርሱን ያን ያህል አያግዘውም። መብራት ሄዶ ከቆመበት የቀጠለ ፕሪንት ደግሞ ለፑሊ አትጠቀም። ያቺ መስመር ላይ ከታች ያለው ቀዝቅዞ ስለሚቆይ በደንብ አይጣበቅም። ሌላ ነገር ሥራበት።

ሙሉውን ከማተምህ በፊት 3 ሚሊ ቁመት ያላት ቀለበት ብቻ አትምና በካሊፐር ለካት። 36 ጥርስ ያለው ባለ 5 ሚሊ ፑሊ ከጥርስ ጫፍ እስከ ጥርስ ጫፍ 56.15 ሚሊ ነው መሆን ያለበት። ከዚያ ቺንጊያውን ጠቅልልባት። በመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ገጥሞ ወደ መጨረሻ እየወጣ የሚሄድ ከሆነ ልኩ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ስላይሰሩ (ፋይሉን ለፕሪንተሩ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ላይ በመቶኛ አስተካክለው። ልኩ ያልተስተካከለ ፑሊ ላይ ቺንጊያው ጥርሱን በሙሉ ጎኑ አይገፋም፣ በጫፉ ነው የሚፍቀው፣ ያኔ ከላይ ያሰላሁልህ 20 ጥርስ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

አስተሳሰሩ ላይም ትንሽ ልበል። ብሎን ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ አጥብቀህ ካሰርክ ከሳምንታት በኋላ ላልቶ ታገኘዋለህ፣ ብሎኑ ሳይዞር ፕላስቲኩ ራሱ ስለሚሸሽ። ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ የብረት ቡሽ አስገባ፣ ብሎኑ ብረቱን ይጫን፣ ከላይ ሰፊ ሮንዴላ አድርግበት። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን። ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚቀባ ሙጫ) ፑሊው ላይ አትጠቀም፤ ኤቢኤስና ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ በማግሥቱ ላይታይህ ይችላል። ፑሊው ውስጥ የራሱ ኩሽኔታ ቢኖረው ይመረጣል፣ 608 የሚባለው፣ የውጭ ልኩ 22 የውስጡ 8 ሚሊ የሆነው። ያኔ ፑሊው ጎማው ላይ ተንጠልጥሎ አይወዛወዝም።

አዳማ ላይ ደግሞ አቧራ አለ። የነፋስ ተርባይን የተተከለበት ከተማ ነው፣ ከአስፋልት ወጣ ካልክ አሸዋው ቺንጊያው ሥር ይገባና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ስለዚህ በየጊዜው ጎማውን አንሥተህ በእጅ ባትሪ እያበራህ እየው። ጥቁር ዱቄት ከበዛ ቺንጊያው እያለቀ ነው፣ የፑሊው ቀለም ያለው ዱቄት ካየህ ጥርሱ እያለቀ ነው። የጥርሱን ሥር በጥፍርህ ዳብሰው፣ ኤቢኤስ ከሆነ ነጭ መስመር ከታየህ መሰንጠቅ ሊጀምር ነው፣ ያን ቀን ቀይረው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ኮብልስቶን ላይ ብዙ የምትነዳ ከሆነ ብሎኖቹንም አብረህ ፈትሽ። እኔ የታተመ ትርፍ ፑሊ ሁሌ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ክብደት የለውም።

ቺንጊያውን ትቼ ፕላስቲክ ጥርስ በጥርስ ባደርገውስ ላልከው፣ መንገድ ላይ አልመክርህም። እዚያ ሙሉውን ጉልበት የሚይዙት አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ናቸው፣ አንድ ጠጠር ከገባ ደግሞ እንደ ቺንጊያው ተለጥጦ አያሳልፈውም።

የሞተሩን ፑሊ ከማዘዝህ በፊት ሻፍቱን በካሊፐር ለካው። 6374 ብለው የሚሸጡት አንዳንዱ 8 ሚሊ ነው፣ አንዳንዱ 10። የኪይዋንም ስፋት ጨምረህ እዚህ ጻፍልኝ፣ የቺንጊያህንም ስፋት፣ 12 ይሁን 15። የጎማህን መሃል ፎቶ አንሥተህ ከላክልኝ ደግሞ የእኔ ፑሊ ፋይል ይገጥም እንደሆነ አይቼ እልክልሃለሁ።