ቼክ ኢንጅን በርቶ ኮዱ «ኢቫፕ» ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ኢቫፕ የሚባለው ከሰልባትዮ (ከነዳጅ ታንኩ) የሚተነው ቤንዚን አየር ላይ እንዳይበተን ይዞ ለሞተሩ የሚያቀብለው ክፍል ነው። ትነቱ ከሰል ወደተሞላው ካኒስተር ይገባል፤ ሞተሩ ሲሠራ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈትና ወደ ኢንቴክ (ሞተሩ አየር ወደሚስብበት) ይሳባል፤ ካኒስተሩ በምትኩ ንጹህ አየር የሚያገኘው በቬንት ቫልቭ ነው። ኮምፒውተሩ በየጊዜው ቬንቱን ይዘጋና በፐርጅ በኩል ሲስተሙን ያስመጥጣል፤ ከዚያ ፐርጁንም ዘግቶ ቫኪዩሙ (የተመጠጠው ግፊት) ይቆይ እንደሆነ ያያል። ካልቆየ መብራቱ ይበራል። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓመት፣ ለየት አገር ገበያ እንደተሠራና የወጡትን ኮዶች በሙሉ ጻፉ። «ቼክ በርቷል» ብቻ ለመልስ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ኮሮላ 2009፣ ከአሜሪካ የመጣ። ኮምፒውተር ሲገባለት ፒ0456 አለ። ካዛንቺስ ያሳየሁት ጋራዥ «ካኒስተሩ ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ገና ነው፣ ቆይ። ፒ0456 በጣም ትንሽ ማምለጫ (ትነቱ የሚወጣበት ቀዳዳ) እንዳለ ይናገራል እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም። በጣም ትንሽ ሲባል ግማሽ ሚሊሜትር ግድም የሆነ ቀዳዳ ነው። ፒ0442 አንድ ሚሊሜትር ግድም፣ ፒ0455 ትልቅ ነው፤ ፒ0455 ሲወጣ ብዙ ጊዜ የወለቀ ቱቦ ወይም ያልተዘጋ ክዳን ይገኛል።

ባንተ መኪና ላይ ግን አንድ የሚጣራ ነገር አለ። ቶዮታ ማምለጫውን የሚፈትነው በራሱ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ካኒስተሩ ላይ ተገጥሞ ነው የሚመጣው። ከፒ0456 ጋር ፒ2401፣ ፒ2402፣ ፒ2419፣ ፒ043ኢ ወይም ፒ043ኤፍ አብረው ከወጡ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ ያኔ ጋራዡ ልክ ሊሆን ይችላል። ፒ0456 ብቻውን ከሆነ ግን ክዳኑን፣ የመሙያውን አንገትና ቱቦዎቹን ሳታይ ካኒስተር አትግዛ። ለመግዛት ከተገደድክና ሶማሌ ተራ አሮጌ ካገኘህ ደግሞ አንስተህ ነቅነቅ አድርገው። ውስጡ እንደ አሸዋ ከተንሿሿ ወይም ከበደኝ ካልክና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ተወው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ክዳኑ ላልቶ ነው ተባልኩና ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። መብራቱ ግን አሁንም አልጠፋም።

መልስ፦ አባቴ፣ ወዲያው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ፈተናውን በተከታታይ ሦስት ጉዞ ካለፈ በኋላ ነው መብራቱን የሚያጠፋው። ፈተናው ደግሞ በየጉዞው አይካሄድም፤ ስለዚህ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

እስከዚያው ክዳኑን ፈተው የጎማ ቀለበቱን በጥፍር ጫን ጫን እያደረጉ ይዩት። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም አንድ በኩል ከተጨፈለቀ አልቋል። ከዚያ ቀለበቱ የሚያርፍበትን የአንገቱን ከንፈር በጨርቅ ጠርገው ጣትዎን ዙሪያውን ያሂዱበት፤ ዝገት ከሻከረዎት አዲስ ክዳንም አያድነውም። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንበት የአሜሪካ ክፍል የመጡ መኪኖች አንገታቸው ከኋላ ጎማው ፕላስቲክ ጀርባ ይበላል፣ ፕላስቲኩ ካልተፈታ አይታይም። ክዳን ሲገዙም የመኪናውን ይግዙ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ይሽከረከራል እንጂ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዬ ስድስት ኪሎ። ከአሜሪካ የመጣ ፎርድ ነው የምነዳው። ፒ0442ን በብሉቱዝ ስካነር አጠፋሁት፤ ይኸው ሁለት ወሩ፣ አልተመለሰም። ድኗል ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ ያልተመለሰው ፈተናው ስላልተካሄደ ሊሆን ይችላል።

ፎርድን ጨምሮ ብዙ ፋብሪካዎች የኢቫፕ ፈተናን ከ8,000 ጫማ በላይ ያቆሙታል፤ በሜትር 2,438 ነው። ቤንዚን ከፍታ ላይ በቀላሉ ይተናል፣ ሞተሩም እንደ ቆላ አይስብም፣ ስለዚህ ውጤቱ አይታመንም። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ግድም ስለሆነ ከገደቡ በታች ነው። ፒያሳ ከ2,400 በላይ ነው፣ ጠርዙ ላይ። ሽሮ ሜዳ ገደቡን አልፎታል። ያንተ መኪና የሚውለውም የሚያድረውም ፈተናው በማይሠራበት ሰፈር ነው።

ስካነርህ ላይ የትኞቹ ፈተናዎች እንደተካሄዱ የሚያሳየውን የዝግጁነት ገጽ ክፈት፤ ኮዱን ስታጠፋ የፈተናዎቹ መዝገብም አብሮ ይጠፋል። ከኢቫፕ ፊት ለፊት «ኢንኮምፕሊት» (አልተጠናቀቀም) ካለ ምንም አልታወቀም ማለት ነው። ፈተናው እንዲካሄድ ነዳጁ ከ15 እስከ 85 በመቶ መካከል ይሁን፣ ሩብና ሦስት አራተኛ መሃል ብትይዘው ይበቃል። መኪናው ሌሊቱን ይቁም፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነስተህ ወደ ቦሌ ውረድና ቀለበት መንገዱ ላይ ከ65 እስከ 80 ኪሎሜትር በሰዓት ሳትጫን ሳትለቅ ንዳ። እሑድ ጠዋት ካልሆነ ይህ የማይታሰብ መሆኑን አውቃለሁ።

ቶዮታ ከዚህ ይለያል። በፓምፕ የሚፈትነው ቶዮታ የአየር ግፊቱ ከ70 ኪሎፓስካል በላይ እስከሆነ ድረስ ይሠራል፤ አዲስ አበባ መሃል ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ኮሮላ ላይ ኮዱ ቶሎ ሲመለስ ፎርድ ላይ ወራት ሊጠፋ ይችላል፣ ቀዳዳው እኩል ሆኖ።

ጥያቄ፦ ራቭ4 ነው። ማታ አጥፍቼው ተኝቼ ሌሊት ከኋላ በኩል እዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባትሪ ይጨርስብኛል?

መልስ፦ አይጨርስም። ኮሮላው ላይ ያነሳነው የቶዮታ መፈተኛ ፓምፕ ነው። መኪናው ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ሞተሩ ገና ካልቀዘቀዘ ከ7 ሰዓት በኋላ፣ ያም ካልሆነ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሞክራል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ጭስ ነፍቶ ማምለጫውን የሚያሳይ የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ አጣሁ። ጎሚስታ ጋ ሄጄ በኮምፕሬሰር ብነፋውና አረፋ ባየውስ?

መልስ፦ እንዳታደርገው! የጎሚስታ ኮምፕሬሰር 8 ባር ግድም ይይዛል፤ ኢቫፕ የሚፈተነው በ0.03 ባር ግድም ነው። ሰልባትዮውን ያሳብጠዋል፣ የግፊት ሴንሰሩን ይገድላል፣ ያልነበረ ቀዳዳ ይከፍታል። ከሁሉ የከፋው አየር ከቤንዚን ትነት ጋር መደባለቁ ነው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ፐርጅ ቫልቩ ጋ ያለው ቱቦ ይነቀልና ጭሱ በዚያ ወደ ኋላ ይላካል፤ ማሽኑ የሚገፋው በናይትሮጅን ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ቬንቱ ክፍት ሆኖ ጭሱ በዚያ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ይህ መስመሩ እንዳልተደፈነ ያረጋግጣል። ከዚያ ቬንቱ በስካነር ትእዛዝ ይዘጋል። ርካሹ ብሉቱዝ ስካነር ኮድ ያነባል እንጂ ይህን ትእዛዝ በአብዛኛው አይሰጥም፤ እንዲህ ሲሆን የቬንቱን ቱቦ በለስላሳ ፒንሳ ማነቅ ይቻላል። ማሽኑ ላይ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ወደ ታች ከወረደች ማምለጫ የለም፤ ከፍ ብላ ከቀረች አለ። ሰልባትዮው ባዶ ከሆነ ለመሙላት አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የሚቸኩል መካኒክ «የለውም» ብሎ የሚመልስህ እዚህ ላይ ነው። ጭሱ ቀጭን ክር ሆኖ ስለሚወጣ ጥላ ውስጥ፣ በጠንካራ ባትሪ ከጎን እያበሩ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሞልቼ ከማደያው ልወጣ ስል አልነሳም ይላል። ቤንዚን ረግጬ ካስነሳሁት በኋላ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ኮዱ ፒ0496።

መልስ፦ ፐርጅ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ስትሞላ ከሰልባትዮ የሚገፋው ትነት በቀጥታ ወደ ኢንቴክ ይገባና ሞተሩ ይታፈናል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩን በሚኒሞ አስነሳ፣ የቫልቩን ሶኬት ንቀል፣ ከካኒስተር የሚመጣውን ቱቦ አውጥተህ ቫልቩ አፍ ላይ ጣትህን ድፈን። ኤሌክትሪክ የሌለው ፐርጅ ዝግ መሆን አለበት፤ ጣትህን ከሳበ ቫልቩ አልቋል። በቴስተር የምትለካው ኦም የሽቦውን ደህንነት ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ቶዮታ ላይ ከ23 እስከ 26 ኦም እየለካ ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ ሞልቷል።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት አሮጌውን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠህ መታ መታ አድርገው። ጥቁር ፍርፋሪ ከረገፈ ካኒስተሩ ተሰብሮ ከሰሉን እየለቀቀ ነው፤ አዲሱም ቫልቭ በዚሁ ይሞታል። ያኔ ካኒስተሩ ይቀየራል፤ በመሃል ያለው ቱቦም ሁለቱም ጫፉ ተነቅሎ ይነፋል።

የካኒስተር ዋና ገዳይ ደግሞ እኛው ነን። ነዳጅ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም ማደያ ላይ የመቅጃው አፍ ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ መኪናውን እየነቀነቁ እስከ አንገቱ ማስሞላት ልማድ ሆኗል። ከመጠን ያለፈው ፈሳሹ ቤንዚን ካኒስተሩ ውስጥ ይገባል። ከሰሉ የተሠራው ለትነት ነው፤ ፈሳሽ ከጠጣ አይድንም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ስሞላ ገና ሩብ ሳይደርስ ቀጭ እያለ ይቆማል።

መልስ፦ አየር መውጫ አጥቷል። የቬንቱ ማጣሪያ በአቧራ ወይም በጭቃ ተደፍኗል። ካኒስተሩ ጋ የቬንቱን ቱቦ አውልቀህ ሙላ፤ በደንብ ከወሰደ ችግሩ ካወለቅከው ቱቦ ወደ ውጭ፣ ቬንቱና ማጣሪያው ጋ ነው። ፒ0446 ከዚህ ጋር ቢመጣ አይግረምህ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ፓምፕ አስቀየርኩ፣ በሳምንቱ ፒ0455 በራ።

መልስ፦ የፓምፑ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ሳይሆን አይቀርም፣ ከእሱ ጀምሪ። አሮጌው ጎማ ቤንዚን ጠጥቶ ስለሚያብጥ ተመልሶ ቦታው አይገባም፤ ሲጠብቅ ይታጠፋል። አዲስ ይደረግ። ሲሊኮን እንዳያደርጉብሽ፣ ተራው ሲሊኮን በቤንዚን ይሟሟል። የኋላውን ወንበር ሲያነሱ እዚያው ያለውን የትነት ቱቦ ረስተውት እንደሆነም እዪ።

ጥያቄ፦ ካኒስተሩን አውጥቼ ቱቦዎቹን ብደፍናቸውስ? ጓደኛዬ እንደዚያ አድርጎ ይነዳል።

መልስ፦ ሰልባትዮ መተንፈስ አለበት። ከደፈንከው አዳማ ስትወርድ 700 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፤ የውጭው ግፊት ይጨምራል፣ የነዳጅ ፓምፑም ነዳጁን እየሳበ ነው፣ ሰልባትዮው ወደ ውስጥ ሊመጠጥ ይችላል። ስትመለስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ትነቱ በክዳኑ በኩል ይወጣል። መብራቱም እንደበራ ይቀራል፣ ሌላ ብልሽት ቢመጣ በምን ታውቃለህ?

ጥያቄ፦ ዲዛየር፣ ፒ0443።

መልስ፦ ይህ ማምለጫ አይደለም፣ የፐርጅ ቫልቩ ኤሌክትሪክ ነው። ፊውዙን፣ ሶኬቱን፣ ሽቦውን እይ። መኪናው ቆሞ ከሰነበተ አይጥም ይጠርጠር።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው፣ መብራት የለውም። ግን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

መልስ፦ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ቪትዞች ካኒስተርና ፐርጅ አላቸው፣ ማምለጫ የሚፈትን ግን የላቸውም፤ ስለዚህ መብራቱን አትጠብቅ። ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ካርቶን ከሰልባትዮው ሥርና ከሞተሩ ሥር አንጥፈህ እይ። ጠብታ ካገኘህ ነገሩ የኢቫፕ አይደለም፤ ሳታስነሳ መካኒኩን ያለህበት አስመጣው። ካርቶኑ ደርቆ ሽታው ከሞላህ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከክዳኑና ከነዳጅ ፓምፑ ጓርኒሲዮን ጀምር።