የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰባት ተመራጮችና አንድ ገዥ

ጥያቄ፦ ጃንሆይ በ1958 ዓ.ም. የካሪቢያኗን ደሴት ትሪኒዳድን መጎብኘታቸውን ሳነብ፣ ደሴቲቱ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ ማካሄዷን አየሁ። ቅኝ ገዥው ተቀምጦ ምርጫው ምን ይፈይዳል? ሕዝቡስ በእርግጥ መርጧል ይባላል?

መልስ፦ እንግሊዞች ደሴቲቱን ከስፔን ከነጠቁበት ከ1797 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቹ 128 ዓመት አንድም ሕግ አውጪ ሳይመርጡ ኖረው፣ የመጀመሪያውን ድምፅ የሰጡት ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1925 ነው። «ሕዝቡ መረጠ» ለማለት ግን ያስቸግራል። መራጩ ንብረት ወይም የተወሰነ ገቢ እንዲኖረው ይጠየቅ ስለነበር መብቱን ያገኘው ከሕዝቡ 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ወንዶች ከ21፣ ሴቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ መምረጥ ቢችሉም፣ ለመመረጥ ወንድ መሆን፣ ሀብት ማፍራትና እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ የግድ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የወንበሩ ስሌት ነው። ምክር ቤቱ ከነገዥው 26 ሰዎች ነበሩት፤ 12ቱ የመንግሥት ሹማምንት፣ 6ቱ በገዥው የተሾሙ ሌሎች ሰዎች ሲሆኑ፣ የተመረጡት 7 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ከትሪኒዳድ ጋር በአንድነት የምትተዳደረው የጎረቤቷ ደሴት የቶቤጎ ተወካይ ነበር። እስቲ ሰባቱ ስድስቱን ተሿሚዎች አሳምነው ከጎናቸው አሰለፉ እንበል፤ ይህ ራሱ ዘበት ነው። ድምፃቸው 13 ይሆንና 12ቱን ሹማምንት አሸነፉ ስንል፣ ገዥው የራሱን ድምፅ ጨምሮ 13 ለ13 ያደርገዋል። ድምፅ እኩል ሲሆን ለመለያ የሚሰጠው ሁለተኛ ድምፅም የዚያው ገዥ ነው።

የፈየደው ነገር ቢኖር፣ ገዥውን ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው በዚያ አዳራሽ መገኘቱ ነው። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦፍ ስፔን የተመረጡት ሻምበል አርተር ሲፕሪያኒ ከኮርሲካ የፈለሰ ነጭ ቤተሰብ ልጅ ቢሆኑም፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በግብፅ ሲያገለግሉ በካሪቢያን ወታደሮች ላይ የሚፈጸመውን የዘር አድልዎ ተቃውመው የተሟገቱ፣ ከዘመቻ መልስም የሠራተኞች ማኅበር የመሩ፣ «የባዶ እግሩ ሰው» ጠበቃ ነኝ የሚሉ ነበሩ። ድምፅ ቆጠራው ቢያሸንፋቸውም፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ እንዲከፈልና የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን ተከራክረዋል።

ያ ባዶ እግሩ ሰው ራሱ ድምፅ ለመስጠት የቻለው ጁላይ 1 ቀን 1946፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ በመረጠበት ዕለት ነው። ሲፕሪያኒ ከአንድ ዓመት በፊት አርፈው ስለነበር ይህን አላዩም።